ኤምቢኤ ልማር ወይስ ይቅርብኝ? ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባንክ ቤት ነው ያደግኩት፤ ኤምቢኤዬንም (የንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ማለት ነው) እየሠራሁ በማታ ተምሬ ነው የጨረስኩት። ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የሠራተኛ ዕድገት የሚወስን ኮሚቴ ውስጥ ስለምቀመጥ፣ ማን በምን እንደሚያልፍ በቅርብ አያለሁ። ወጣቶቻችን ሲበደሩና ሲቸገሩ እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» ብዬ ነበር። መልሶቼ እነሆ።

ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ባንክ ውስጥ ኦፊሰር ነኝ፤ አራት ዓመት ሞላኝ። ጓደኞቼ ሁሉ እየተመዘገቡ ነው። ኤምቢኤ ከሌለኝ ሥራ አስኪያጅ መሆን አልችልም?

ትችያለሽ እንጂ። የውስጥ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ደመወዙን ብቻ አይተሽ አትለፊ፤ የተፈላጊ ችሎታውን መስመር አንብቢ። ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ሁለተኛ ዲግሪና 4 ዓመት ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና 6 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ዓይነት ነው። ልብ በይ፣ እዚህ ላይ ዲግሪው የሚያስቀርልሽ ሁለት ዓመት ነው። ትምህርቱ ራሱም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ብትመዘገቢ፣ በምትመረቂበት ጊዜ ስድስቱን ዓመት በልምድሽ ብቻ ሞልተሽዋል። ስለዚህ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት ብቻ ብለሽ ከሆነ አትቸኩዪ።

ወደ ዲስትሪክትና ዋና መሥሪያ ቤት ስትወጪ ነገሩ ይለያል፤ ሁለት ተወዳዳሪዎች በሥራ አፈጻጸም ሲቀራረቡ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ይቀድማል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን አስቀድሜ ወደ ብድር ክፍል ዝውውር እጠይቃለሁ። የነጋዴን የሒሳብ መግለጫ አገላብጦ፣ መያዣውን ሄዶ አይቶ፣ «ይከፍላል» ወይም «አይከፍልም» ብሎ በፊርማው ያረጋገጠ ሰው ክፍል ገብቶ የፋይናንስ ኮርስ ሲወስድ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

መሐል ሜዳ፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው የምሠራው። ማስተርስ ብይዝ ደመወዜ ይጨምራል?

ዲግሪውን በመያዝህ ብቻ አይጨምርም። በነጥብ የሥራ ምዘናው (ሁላችን ጄኢጂ የምንለው) ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው እንጂ ለሰውየው ወረቀት አይደለም። የሚጨምርልህ ከፍ ላለ መደብ ተወዳድረህ ስታልፍ ነው። ሰው ኃይል ሂድና በጽሕፈት ቤታችሁ መዋቅር ውስጥ ኤምቢኤን በተፈላጊ የትምህርት ዝግጅትነት የሚቀበሉት መደቦች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ስንቱስ ክፍት እንደሆኑ ጠይቅ። ክፍት መደብ ከሌለ ገንዘብህን ያዝ።

ደብረ ሲና የሒሳብ መምህር ነኝ፤ እኔስ?

ማስተማሩን የምትቀጥል ከሆነ በራስህ ትምህርት ዓይነት ወይም በትምህርት አመራር መማር ይሻልሃል። ከመምህርነት ለመውጣት ከወሰንክ ግን ኤምቢኤ አንድ መንገድ ነው።

ቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ብማርስ?

ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ የቻሉ አሉ። ግን ክፍያውን ብቻ አትቁጠር። ትራንስፖርት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ ኅትመት፣ መንገድ ሲዘጋ የሚያልፍህ ፈተና ሁሉ ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁሉም ተደምሮ 150 ሺህ ብር ቢሆንና የምታገኘው ዕድገት በወር 2,500 ብር የተጣራ ቢጨምርልህ፣ ገንዘብህ የሚመለሰው በ60 ወር ነው። አምስት ዓመት ማለት ነው፤ ያውም ዕድገቱ በተመረቅህ ማግስት ከመጣ። በወለድ ተበድሮ መማርን አልመክርም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃችን ስላለ መጀመሪያ እሱን ጠይቅ።

አንድ የግል ኮሌጅ እዚህ ቅርንጫፍ ከፍቷል፤ «ዕውቅና አለን» ይላሉ። ልመናቸው?

የዕውቅና ደብዳቤውን አሳዩኝ በል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለፕሮግራሙ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለመደበኛ የተሰጠ ፈቃድ ደብረ ብርሃን ላይ በርቀት ለሚሰጠው አይሠራም። ደብዳቤው ላይ ሦስቱንም ተመልከት፣ ጊዜው አለማለፉንም አረጋግጥ፤ ከዚያ ባለሥልጣኑን ራሱን ጠይቅ። የተማሩበት ዲግሪ በማስረጃ ማጣራት ጊዜ ውድቅ ሲሆንባቸው ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ።

የመግቢያ ፈተናው ይከብዳል?

አጠቃላይ ችሎታን የሚለኩ ጥያቄዎች ይጠየቃሉ። የእንግሊዝኛ ንባብ፣ የሒሳብና የማመዛዘን ጥያቄዎች ላይ በሰዓት ተለማመጂ።

ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አካውንታንት ነኝ። ኤምቢኤ ወይስ ኤሲሲኤ?

በሒሳብ ሙያ ለመዝለቅ ከሆነ ያለ ጥርጥር ኤሲሲኤ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫ። ከአዋጅ ቁጥር 847/2006 ወዲህ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ) እንዲያዘጋጁ ተደንግጓል፤ ይህን አሟልቶ የሚሠራ ሰው ይፈለጋል። ክፍያው በፓውንድ መሆኑ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ፈተናውን አንድ በአንድ መውሰድ ትችላለህ፣ የአካውንቲንግ ዲግሪህም ከተወሰኑት ነፃ ሊያደርግህ ይችላል። ነገ ፋብሪካ መምራት ከሆነ ሐሳብህ፣ ኤምቢኤውን በኋላ ትጨምርበታለህ።

ልጄ፣ ሸዋ ሮቢት የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ። ልጄ ዘንድሮ በማኔጅመንት ተመርቆ «ማስተርስ ልቀጥል» ይላል። ልክፈልለት?

አባቴ፣ አሁን አይክፈሉለት። ልጁን ጠልቼ አይደለም። ኤምቢኤ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሲማረው ነው ጥቅሙ የሚወጣው። ይልቅ መዝገቡን ያስረክቡት። ሽንኩርቱ ከማሳ በስንት ተነሣ፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ ስንት ኪሎ ተበላሸ፣ በዱቤ የሄደው መቼ ተመለሰ፣ ይህን አንድ ሁለት ዓመት ይጻፍ፤ ግብሩንም እሱ ያሳውቅ። ከዚያ በኋላ ልማር ካለ፣ ምን እንደሚማር አውቆ ይሄዳል፤ ያኔ ቢከፍሉለት አይቆጭዎትም።

ባሶና ወራና፣ ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነኝ። ኮርስ ጨርሻለሁ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራልኝ ሰው አገኘሁ። ምን ይመስልዎታል?

እባክህ አታድርገው። ፈታኞቹ «ናሙናህን እንዴት መረጥክ?» ሲሉህ መልሱ ሌላ ሰው ጋ ነው ያለው። ደግሞ ከሁለቱ ዓመት ትምህርት ሁሉ ለሥራህ የሚጠቅምህ ይኸው ጽሑፍ ነበር። ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂድ፤ አባሎቻችሁ ብድር መመለስ የሚያዘገዩት በየትኛው ወር ነው? ገብሱ ከመታጨዱ በፊት ነው ወይስ ከተሸጠ በኋላ? ከየትኛው ቀበሌ? ዘንድሮ የፈረሙበት ካርድ ሁሉ ያንተው ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ያንን ቁጠረው፣ ሃያ ሠላሳ አባል አነጋግር፣ ለአማካሪህ በየሁለት ሳምንቱ የደረስክበትን አሳየው።