ስለ ሳንቲሞቻችን ጠይቁ፦ ከአክሱም እስከ ባለ ሚዛኑ አንድ ብር

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሀገራችን ሳንቲሞች ታሪክና ሥዕል የመጡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። እኔ ሳንቲም ሳይ ቀድሜ የማስበው ዋጋውን አይደለም። ማን እንዲታይ ተቀረጸ፣ ማንስ እንዲጠፋ ተደረገ የሚለውን ነው፣ መልሶቼም ወደዚያ ያደላሉ።

ጥያቄ፦ 5 ሳንቲም ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው አለ። ማነው? ለምንስ እስካሁን ቆየ?

መልስ፦ የታወቀ ግለሰብ አይደለም፣ በዘመኑ ወታደሩን የሚወክል ምስል ነው። ደርግ በ1969 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ሲያወጣ አምስት ዓይነት ሳንቲም አስቀረጸ። በ1 ሳንቲም ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ። 5ቱ ላይ ወታደሩ፣ 10ሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ 25ቱ ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሱ ወንድና ሴት፣ 50ው ላይ ደግሞ ተሰብስቦ የቆመ ሕዝብ። አንድ ላይ ደርድራችሁ እዩዋቸው፣ ዘመኑ ስለ ራሱ ሊናገር የፈለገውን ሁሉ ታገኛላችሁ። ንጉሥ የለም፣ ዘውድ የለም፣ መስቀል የለም። ገበሬና ወታደር፣ ወንድና ሴት፣ ሕዝብ።

የቆየበትን ነገር ስታስቡት ይገርማል። ደርግ በ1983 ወደቀ። የወረቀት ብሩ በ1989 ተቀየረ፣ በ2013 እንደገና ተቀየረ። ሳንቲሞቹ ግን በ1996 እና በ2000 ዓ.ም. እንደገና ሲመቱ ሥዕላቸው ያው የ1969ኙ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ሰው ሁሉ የሚያየው ወረቀቱን ስለሆነ እሱ ቶሎ ይቀየራል፣ ሳንቲሙን ግን ልብ የሚለው የለም። ለዚህ ነው ሳንቲሞቻችን ከወረቀቱ ይልቅ ታሪክ ይዘው የቀሩት ብዬ የማምነው።

ጥያቄ፦ አንበሳው ግን ከንጉሡ ጊዜ አይደለም እንዴ? ደርግ ለምን አላጠፋውም?

መልስ፦ አንበሳው ከንጉሡም ይቀድማል። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ባስመቱት ብር ላይ በአንድ በኩል ዘውድ የደፋ የራሳቸው ምስል አለ፣ በሌላው በኩል ዘውድ ደፍቶ ባንዲራ የያዘ አንበሳ፣ ዙሪያውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ። (ዓይኑ ንቁ የሆነ ሰው ይሄን ይመልከት፦ በመጀመሪያዎቹ ላይ አንበሳው የሚያነሣው የግራ እግሩን ነው፣ በኋላ በወጡት ላይ የቀኙን።) ኃይለ ሥላሴም አንበሳውን ይዘው ቀጠሉ። ደርግ ዘውዱን፣ ባንዲራውንና መስቀሉን አወለቀና ጭንቅላቱን ብቻ አስቀረ፣ አፉን ከፍቶ የሚያገሳ አንበሳ። በእኔ እይታ ይህ ብልህ ሥራ ነው፣ ሕዝቡ የለመደውን ምልክት ሳይነጥቁት ትርጉሙን ለወጡት። ያ የአንበሳ ራስ ዛሬ ባለ ሁለት ቀለሙ አንድ ብር ላይም አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ የሳንቲሙን ዓመት ማንበብ አቃታት፣ እኔም ጭምር።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀላል ነው። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈ የኢትዮጵያ ዘመን ነው። ፲ አሥር፣ ፱ ዘጠኝ፣ ፻ መቶ፣ ፷ ስድሳ። ስለዚህ ፲፱፻፷፱ ማለት አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዘጠኝ ነው። ፳፻ ደግሞ ሁለት ሺህ። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም፣ እንደ አፋችን አነባበብ መከተል ብቻ ነው። 50 ሳንቲም ይዛ ብትለማመድ በአንድ ቀን ትይዘዋለች።

ጥያቄ፦ አያቴ ስለ ማርትሬዛ ብር ያወሩን ነበር። የኦስትሪያ ንግሥት መልክ በእኛ ገበያ ምን ይሠራ ነበር?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው። ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች። ብሩ ግን የተጻፈበት ዓመት 1780 ላይ ተቸንክሮ ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ተመታ፣ ምክንያቱም የቀይ ባሕር ነጋዴዎች ሌላውን እምቢ አሉ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ፣ ከዚያም ከመቶ 83 የሚሆነው ንጹሕ ብር። ነጋዴ ሲቀበል የደረት ጌጧ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር ነበር፣ ዘጠኝ መሆን አለባቸው፣ ካነሱ ወይም ከደበዘዙ ይመልሰዋል። ይሄ ዓይነት ጥንቃቄ በአንድ ትውልድ የሚመጣ አይደለም።

ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያወጡ ክብደቱን ከጠገራው (ከማርትሬዛው) ጋር አስተካከሉት፣ የብሩም ጥራት ከጠገራው አያንስም ነበር። ከሥሩም አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ግርሽና የመዳብ ቤሳ አስመቱ። ትንንሾቹ ገበያው ስለቸገረው በደንብ ገቡ። ትልቁ ብር ግን ጠገራውን ማባረር አልቻለም። ገበሬው ያመነው የለመደውን ነበር። ሰዎች ይህን የምኒልክ ውድቀት አድርገው ሲያወሩ አልስማማም። የራስ ስም፣ የራስ ፊደልና የራስ ምልክት ያለበት ገንዘብ ከዓድዋ በፊት ማስመታት ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጣልያን እንኳን እ.ኤ.አ. በ1935 ሊወረን ሲዘጋጅ የማርትሬዛን ማተሚያ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ብሩን መምታት ጀምሯል፣ ያለሱ እዚህ ምንም መግዛት እንደማይችል ስለገባው።

ጥያቄ፦ መቶኛ የሚል ሳንቲም አገኘሁ። የውሸት ነው?

መልስ፦ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በ1923 ዓ.ም. ብር ወደ መቶ ሲከፈል ክፍልፋዩ የተጠራው በዚህ ስም ነበር። 1 እና 5 መቶኛ መዳብ፣ 10፣ 25 እና 50 መቶኛ ኒኬል ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ወረራው መጣና ዕድሜው አጭር ሆነ።

ጥያቄ፦ የንጉሡ 25 ሳንቲም ጠርዙ ለምን እንደ አበባ ተቆረጠ?

መልስ፦ ከሁሉም የምወደው ታሪክ ይሄ ነው። ከነጻነት በኋላ አዲሱ ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በወቅቱ ገበያው ላይ የነበረው የእንግሊዞቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር፣ አንድ ብርም በሁለት ሽልንግ ተተመነ። 50 ሳንቲምን ሽልንግ የምንለው ከዚያ ወዲህ ነው። ከ1 እስከ 25 ሳንቲም ያሉት መዳብ ነበሩ። 50ው ግን ብር ነበር፣ ብሩም በጦርነቱ ጊዜ እርዳታ ከአሜሪካ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ችግር መጣ። 25ቱ ያኔ ክብ ነበር፣ መጠኑም ከ50ው ጋር ይቀራረባል። ሰዎች መዳቡን ብር እየቀቡ ስሙኒውን በሽልንግ ዋጋ ማሳለፍ ጀመሩ። ለማያነብ ሰው፣ በተለይ አመሻሽ ላይ፣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ክቡ ተሰበሰበና ጠርዙ ሞገድ ያለው ወጣ። ከዚያ በኋላ በጣት ዳስሶ መለየት ተቻለ። ሳንቲም የሚቀርጽ ሰው ማሰብ ያለበት እንዲህ ነው፦ ዓይን ለማያይለትም፣ ፊደል ላልቆጠረም። ክቡ 25 ዛሬ ብርቅ ነው፣ ካላችሁ ጠብቁት።

ጥያቄ፦ እቤታችን በርከት ያሉ የ1936 ሳንቲሞች አሉ። 80 ዓመት ያለፋቸው ናቸው ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም አባቴ። እነዚህ ሳንቲሞች ዓመታቸው ሳይቀየር እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያ ድረስ ሲመቱ ቆይተዋል። እርስዎ የያዙት አንዱ ከ1930ዎቹ፣ ሌላው ከ1960ዎቹ ሊሆን ይችላል። ዋጋቸውን በተመለከተ፣ የመዳቦቹ እንደ ልብ ስለሚገኙ በብዙ ገንዘብ እንገዛለን የሚሉትን አይመኑ። 50ው ግን ብር ስለሆነ ለብቻው ያስቀምጡት፣ ክብደቱ 7 ግራም ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ የደርጉስ 50 ሳንቲም ብር አለው?

መልስ፦ የለውም። መዳብና ኒኬል ነው። ማግኔት ካላችሁ ሞክሩ፦ የ1969ኙ አይሳብም፣ የ1996ቱና ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ውስጣቸው ብረት ስለሆነ ይሳባሉ። 1 ሳንቲሙ አልሙኒየም ነው፣ ለዚህ ነው እንደ ላባ የቀለለው።

ጥያቄ፦ አንድ ብሩ ላይ ያለው ሚዛን ምንድን ነው?

መልስ፦ የፍትሕ ሚዛን ነው። ሳንቲሙ የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው፣ በዕለት ተዕለት የምንጠቀምበት የመጀመሪያው ባለ ሁለት ቀለም ሳንቲማችንም እሱ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሥራው ግን ትንሽ ደረቅ ሆነብኝ። ከጎኑ የ10 ሳንቲሙን አጋዘን አድርጉና ቀንዱን አይታችሁ ፍረዱ። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ በዚያች ትንሽ ክብ ውስጥ በዚያ ውበት መግባቱ ያስደስተኛል።

ጥያቄ፦ የአክሱም ሳንቲም ገበሬዎች ያገኛሉ ይባላል። ቢያጋጥመኝ ልግዛው?

መልስ፦ አትግዛው ወንድሜ። ከዝናብ በኋላ ከእርሻ ውስጥ እንደሚወጣ እውነት ነው። ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ከሕጉም በላይ፣ ሳንቲሙ የወጣበት ቦታ ካልታወቀ ግማሽ ታሪኩ ይጠፋል። የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ፣ በሦስተኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ገደማ፣ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ሳንቲም መቱ። በወርቁ ላይ የንጉሡ ምስል በስንዴ ዛላ ተከብቧል። በብሩና በነሐሱ ላይ ደግሞ ከንጉሡ ራስ ጀርባ ወርቅ ይለብጡ ነበር፣ ሌላ ሀገር ብዙም ያልታየ ጥበብ። የኢዛና ቀደምት ሳንቲሞች ላይ ጨረቃና ክብ አለ፣ በኋለኞቹ ላይ ቦታውን መስቀል ወሰደው። ንጉሡ ሃይማኖቱን እንደቀየረ ከሳንቲሙ ላይ ማንበብ ይቻላል ማለት ነው። ያንን ከሜዳ አንስቶ ለቱሪስት በድብቅ መሸጥ ልቤን ያሳዝነዋል።

ጥያቄ፦ የቆሸሸ ሳንቲም በምን ይጽዳ? መሰብሰብ ለመጀመርስ ምን ልግዛ?

መልስ፦ በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ አትፈትጉት። የሚያብረቀርቀው ሳንቲም የተላጠ ሳንቲም ነው፣ ዋጋውም ያኔ ይወርዳል። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ በደንብ አድርቆ በወረቀት ፖስታ ማስቀመጥ ይበቃል። ለመጀመር ደግሞ ምንም አትግዛ። ቤት ውስጥ ያሉትን አውጣና አምስቱንም የ1969 ሳንቲሞች ለማሟላት ሞክር። የሚያስቸግርህ 1 ሳንቲሙ ነው፣ ቀድሞ ከገበያ የወጣው እሱ ስለሆነ። የአንበሳውንም ራስ በማጉያ መነጽር እያነጻጸርክ እየው፣ በጢሙና በጋማው ላይ ከሳንቲም ሳንቲም ልዩነት ታገኛለህ።