አዲሱን ታብሌት ልግዛ ወይስ ልቆይ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን አንድ አዲስ ታብሌት ተዋውቋል። ገና ገበያ ላይ አልዋለም፤ ግን ቅድሚያ ከፍሎ ማዘዝ ይቻላል። ተማሪ ነኝ። የምፈልገው የትምህርት ፒዲኤፍ ለማንበብ፣ በብዕር ማስታወሻ ለመያዝ፣ ሲደክመኝ ደግሞ ፊልም ለማየት ነው። ወንድሜ «ዛሬውኑ እዘዢ፣ ቺፑ እሳት ነው» ይለኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «የአምናውን ግዢ፣ አሁን ዋጋው ይወርዳል» ትላለች። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃኝ፤ ከተሳሳትኩ አለቀልኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባት ተማሪ

መልስ፦ እህቴ፣ አትዘዢ። ቢያንስ አሁን አትዘዢ። ታብሌቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ በጣም ጥሩም ሊሆን ይችላል። ግን እስካሁን ስለሱ የምናውቀው ሻጩ የነገረንን ብቻ ነው፤ ከሻጩ ውጭ ደግሞ በእጁ ይዞት፣ ሳምንት ተጠቅሞበት፣ ባትሪው እስከ ማታ መቆየቱን አይቶ የመሰከረ ሰው የለም።

ወንድምሽ ስለ ቺፑ ያለው ልክ ይሁን። አንቺ ግን ፒዲኤፍ ለመግለጥና ፊልም ለማየት ያን ያህል እሳት አያስፈልግሽም። ብዙ ጊዜ ታብሌትን ቶሎ የሚያስረጀው የራም (የተከፈቱ አፖችን ለጊዜው የሚይዘው ሚሞሪ) ማነስ፣ የማከማቻ ቦታ መሙላትና የአፕዴት መቋረጥ ነው። መድረክ ላይ ደግሞ ስለ ካሜራና ስለ ቅጥነት ሲወራ ይዋልና እነዚህ ሦስቱ ጋ ሲደረስ ነገሩ በችኮላ ይታለፋል። አንዳንዴም ጭራሽ አይነሳም።

የመጀመሪያውን አይፓድ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2010 ተዋወቀ፣ ኤፕሪል ላይ መሸጥ ጀመረ። ራሙ 256 ሜጋባይት ነበር፤ ካሜራ የሚባል ነገር አልነበረውም። በዓመቱ፣ ማርች 2011፣ አይፓድ 2 ራሙ እጥፍ ሆኖ፣ ከፊትም ከኋላም ካሜራ ይዞ፣ ቀጠን ብሎ መጣ። ልዩነታቸው አንድ ዓመት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ግን አይኦኤስ (የአፕል ሲስተም) 5 ላይ ቀረ፤ 2012 ላይ አይኦኤስ 6 ሲመጣ እሱን አልጨመረም። ሁለተኛው እስከ አይኦኤስ 9 ተጓዘ። አንድ ዓመት የታገሠ ሰው ሦስት ዓመት ተጨማሪ አፕዴት አገኘ ማለት ነው።

የባሰም አለ። ኤችፒ ታችፓድ የተባለ ታብሌቱን ጁላይ 2011 ገበያ ላይ አዋለና በ49 ቀኑ ምርቱን ማቆሙን አስታወቀ። የተረፈው ክምችት ከመነሻ ዋጋው ወደ አንድ አምስተኛ ወርዶ ሰው እየተሻማ ገዛው። በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉውን የከፈለውን ሰው አስቢልኝ! በዚያው ዓመት የብላክቤሪው ፕሌይቡክም ወጣ። በኢሜይል ስሙን የተከለ ኩባንያ፣ ታብሌቱ ግን የራሱ የኢሜይል አፕ አልነበረውም፤ እስከ ፌብሩዋሪ 2012 ድረስ አፕዴት መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ በማስታወቂያው ላይ «በቅርቡ በአፕዴት ይመጣል» የሚል ነገር ካየሽ፣ ለጊዜው እንደሌለ ቁጠሪው።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። ማንበብ ብለሻል። የትምህርት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ በኤ4 ወረቀት ልክ የተሠሩ ናቸው። ኤ4 ከጥግ ጥግ ሲለካ 14 ኢንች ከምናምን ነው። 11 ኢንች ታብሌት ላይ ሙሉ ገጹን ስትከፍቺ ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ በ12 መጠን የተጻፈው ፊደል 9 ሆኖ ይታይሻል። 8 ኢንች ላይ ከሆነማ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ገጹን በጣት እየጎተቱ ማንበብ ነው፣ እሱ ደግሞ ያሰለቻል። ከመግዛትሽ በፊት ከምታነቢያቸው ገጾች አንዱን ወደ 75 በመቶው አሳንሰሽ አትሚው። ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ማታ፣ ዓይንሽ ሲደክም አንብቢው። ካስቸገረሽ አዲሱም ሆነ የአምናው 11 ኢንች አይሆንሽም፤ ወደ 13 ኢንች መሄድ አለብሽ።

ብዕሩ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በይ። መጀመሪያ፣ አብሮ ነው የሚመጣው ወይስ ለብቻው ነው የሚሸጠው? ለብቻው ከሆነ የታብሌቱ ዋጋ ብለሽ የያዝሽው ዋጋ እውነተኛው ዋጋ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቻርጅ የሚደረገው በምንድን ነው? ይሄ ተራ ጥያቄ ይመስላል፤ ግን 2022 ላይ የወጣው 10ኛው አይፓድ የቻርጅ ቀዳዳው ዩኤስቢ-ሲ ሆኖ ሳለ አብሮት የሚሠራው የአፕል ብዕር የድሮውን የአፕል መሰኪያ፣ ላይትኒንግን፣ የያዘ ነበር። ብዕሩን ቻርጅ ለማድረግ መሀል ላይ የምትገባ ትንሽ ማገናኛ ያስፈልግ ነበር። (ያቺ ማገናኛ ቦርሳ ውስጥ የጠፋችበት ሰው ያውቀዋል።) በዓመቱ ዩኤስቢ-ሲ ያለው ርካሽ ብዕር ወጣ፤ እሱ ደግሞ የእጅ ጫናን አይለይም፣ ጫን ብለሽ ብትጽፊም መስመሩ አይወፍርም። ለማስታወሻ ችግር የለውም፤ ለሥዕል ግን ያናድዳል። ሦስተኛ፣ ረከስ ባሉት ታብሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ በመስታወቱና በምስሉ መካከል ስስ ክፍተት አለ። የብዕሩ ጫፍ አንድ ቦታ፣ ቀለሙ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለ ይመስልሻል። አንዳንዱ ሰው ይለምደዋል፣ አንዳንዱ አይችለውም፤ ስለዚህ ማሳያ ላይ የተቀመጠ ካገኘሽ ራስሽ ሁለት መስመር ጽፈሽ እዪው።

ማከማቻው ከ128 ጊጋባይት ባያንስ እመርጣለሁ። ሲስተሙ ራሱ የተወሰነውን ይወስዳል፣ ፊልም ስታወርጂ ቀሪው ቶሎ ያልቃል። የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ከሌለው በኋላ መጨመር አይቻልም። ኪቦርዱን ለጊዜው ተይው።

ጓደኛሽስ? ግማሹ ልክ ነው። የአምናው ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ጉድለቱም ከወዲሁ ታውቋል። ግን የአፕዴቱ ዓመታት መቆጠር የሚጀምሩት ታብሌቱ ከወጣበት ቀን እንጂ አንቺ ከገዛሽበት ቀን አይደለም። ሳምሰንግ ለጋላክሲ ታብ ኤስ10 ሰባት ዓመት የደኅንነት አፕዴት ቃል ገብቷል፤ ዓመት ቆይቶ የገዛው ሰው ስድስት ቀረው። ሁለት ሦስት ዓመት ብቻ ቃል ከተገባለት የዘንድሮ ርካሽ ታብሌት ግን አሁንም ይሻላል። ስለዚህ የሁለቱንም የአፕዴት ማብቂያ ዓመት ወረቀት ላይ ጻፊና ዋጋቸውን ከጎኑ አስቀምጪ።

የኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ፣ አዲሱ በሰዎች እጅ ገብቶ አንድ ወር እስኪሞላው ጠብቂ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይና ብዕሩ እንደሚዘገይ ወይም እንደማይዘገይ ይታወቃል። ራሙና ብዕሩ ከአምናው ካልተሻሉ የአምናውን አንሺ።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ልጆቼ አዲስ ታብሌት እንግዛልህ እያሉ ነው። እኔ የምፈልገው ጋዜጣ ማንበብና ከልጅ ልጆቼ ጋር በቪዲዮ መነጋገር ብቻ ነው። የልጄ የድሮ ታብሌት ደግሞ ከመሳቢያ ውስጥ አለ፤ ስድስት ዓመት አልፎታል። እሱ አይበቃኝም?
ከአንድ አንባቢ

መልስ፦ ጋሼ፣ ሊበቃዎት ይችላል። መጀመሪያ ከመሳቢያው ያውጡትና ጀርባውን ይመልከቱ። አብጦ ወይም ስክሪኑ ከጠርዙ ተነስቶ ካዩት ቻርጅ ላይ እንዳይሰኩት፤ ባትሪው ተበላሽቷል ማለት ነው፣ አደገኛም ነው። ደህና ከሆነ ቻርጅ ያድርጉትና የሚነጋገሩበትን የቪዲዮ አፕ ይክፈቱ። «ይህ መሣሪያ አይደገፍም» የሚል መልእክት ካልመጣና ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ከተነጋገሩበት፣ ልጆችዎ ገንዘባቸውን ያስቀምጡ። የባንክ ጉዳይዎን ግን አፕዴት በማይመጣለት ታብሌት ላይ ባይሠሩ ጥሩ ነው።

አዲስ ይገዛልዎት ከተባለም የፊት ካሜራው በረጅሙ ጎን በኩል ያለውን ይምረጡ። ታብሌቱን አጋድመው ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሙት ፊትዎ መሀል ላይ ይታያል፤ በአጭሩ ጎን ከሆነ ግን ልጆቹ እርስዎ ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላቸዋል። ክብደቱንም አይርሱ። 11 ኢንቹ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፤ ተኝቶ በአንድ እጅ ለሚያነብ ሰው ከበድ ይላል።

ጥያቄ፦ ሲም የሚቀበለውን ልግዛ ወይስ ዋይፋይ ብቻ ያለውን? የዋጋቸው ልዩነት ብዙ ነው።

መልስ፦ ስልክህ ሆትስፖት የሚሰጥ ከሆነ ዋይፋዩ ይበቃሃል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፤ ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ጂፒኤስ የለውም። መኪና ውስጥ ሰቅለህ ካርታ እያየህ ልትነዳበት ካሰብክ ሲም የሚቀበለውን ውሰድ።