ቻርጀሩ በመስመር ይሠራል፣ በሶላር እምቢ ይላል

ጥያቄ፦ ቤቴ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር፣ ባለ 550 ዋት 8 ፓኔሎችና 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ አለው። ፍሪጁም ውሃ ማሞቂያውም ያለ ችግር ይሠራሉ። የኤሌክትሪክ መኪናዬ ግን የሚሞላው ዋናው መስመር ሲኖር ብቻ ነው፤ በሶላር ሲሆን ቻርጀሩ ቀይ አብርቶ ይቆማል። አንድ ወዳጄ «ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉንና ኧርዙን (የመመለሻውንና የመሬቱን ሽቦ) በአጭር ሽቦ አገናኘው» አለኝ። ላድርገው?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ሽቦው ቻርጀሩን ዝም ያሰኘው ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን ፌዝ (ኮረንቲ የሚያመጣው ሽቦ) እና ኒውትራል ቢቀያየሩ ወይም ኒውትራሉ ቢበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ ኮረንቲ ይይዛል።

ቻርጀሩ አልተበላሸም። ኃይል ከመልቀቁ በፊት ኧርዝ መኖሩን ይፈትሻል፤ ስላላገኘ ነው የቆመው። በዋናው መስመር ኒውትራሉ ከመሬት ጋር የታሰረ ነው። ኢንቨርተሩ ከመስመሩ ተለይቶ ብቻውን ሲሠራ ይህ ማሰሪያም አብሮ ይቋረጣል። ፍሪጅ ይህን ስለማይመረምር ምንም የጎደለ አይመስልም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፦ አንድ ዕቃ ውስጥ ሽቦ ተልጦ አካሉን ቢነካ፣ ኮረንቲ ሲያፈስ ኃይል የሚያቋርጠው የሊኬጅ ብሬከር ሳይቆርጥ ብልሽቱ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

በሶላር ሲሆኑ ሶኬቱን በቴስተር ያስለኩ። ትክክለኛው በፌዝና በኧርዝ መካከል 230 ቮልት ገደማ፣ በኒውትራልና በኧርዝ መካከል ወደ 0 የተጠጋ ነው። ሁለቱም ወደ ግማሽ የተጠጉ ወይም የሚዋዥቁ ቁጥሮች ከሆኑ ማሰሪያው የለም። ብዙ ኢንቨርተሮች ኒውትራሉን ከኧርዝ ጋር የሚያስር ሪሌ (በራሱ የሚያገናኝና የሚያላቅቅ ማብሪያ) በውስጣቸው አላቸው፤ አንዳንዴ ማስተካከያው ብቻ ተዘግቶ ይገኛል። መመሪያውን ይዩ። ከሌለው ባለሙያ የኢንቨርተሩ አሠራር መፍቀዱን አረጋግጦ ከውጭ ይግጠምልዎ፤ ማሰሪያው ግን መስመሩ ሲመለስ ራሱ መላቀቅ አለበት። ሁለት ቦታ ከታሰረ የኒውትራሉ ኮረንቲ ተከፍሎ በኧርዝ ሽቦው ላይም ይሄዳል።

ይህ ሲስተካከል የኃይሉ ጉዳይ ይመጣል። 16 አምፒር ላይ ቻርጀሩ 3.7 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ፓኔሎችዎ በወረቀት 4.4 ቢሆኑም ሙቀትና አቧራ ይቀንሷቸዋል፤ የጎደለውን ባትሪው ይከፍላል፣ ቶሎም ያልቃል። ውሃ ማሞቂያው ከተጨመረ ደግሞ ኢንቨርተሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል። ስለዚህ ፀሐይ በበረታችበት፣ ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት፣ በ10 አምፒር ይሙሉ፤ 2.3 ኪሎ ዋት ነው። ደመና ሲሆን ወደ 6 ይውረዱ። ከ6 በታች መኪናው አይቀበልም፤ 6 ላይም ቢሆን የመኪናው ኤሌክትሮኒክስ ለራሱ የሚወስደው ድርሻ ከፍ ስለሚል ሁልጊዜ እዚያ አይተዉት። ማታ መኪናውን ከቤቱ ባትሪ መሙላት ግን አልመክርም፤ ኃይሉ ከቤቱ ባትሪ ሲወጣና እንደገና ወደ መኪናው ባትሪ ሲገባ ሁለት ጊዜ ሲቀየር ይባክናል።

ለመኪናው የራሱ ብሬከር ያለው የተለየ መስመር ያስዘርጉ፤ እኔ 4 ካሬ (4 ስኩዌር ሚሊሜትር) ሽቦ ነው የምጠቀመው። ማራዘሚያ ገመድ አይጠቀሙ። በመጀመሪያው ቀን ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሶኬቱን መሰኪያ በእጅዎ ይንኩት፤ የሚያቃጥል ከሆነ ኃይሉን አቋርጠው ሶኬቱን ያስቀይሩ።