ሲንክሮናይዝድ ጨምሬም ለምን ግማሽ የታደሰ ሰንጠረዥ ይነበባል?

ጠያቂው እንደገለጹት፣ በጃቫ በተጻፈ መተግበሪያቸው የዋጋ ሰንጠረዡ በአንድ ስታቲክ ሃሽማፕ (ሁሉም የፕሮግራሙ ክፍሎች በሚጋሩት የሜሞሪ ማውጫ) ውስጥ ተቀምጦ ከወረፋ በሚመጣ መልእክት ይታደሳል፤ ኦንሜሴጅ (መልእክት ሲደርስ የሚጠራው ሜተድ) ላይ ሲንክሮናይዝድ (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ እንዲገባ የሚቆልፈው ቃል) ከተጨመረ በኋላም ሌሎች ትሬዶች (ጎን ለጎን የሚሄዱ የፕሮግራሙ ሥራዎች) አንዳንዴ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ሰንጠረዥ ያነባሉ። እኔም በዚሁ ችግር ውስጥ ስላለፍኩ ያየሁትን ላካፍል።

ሲንክሮናይዝድ ስታቲክ ባልሆነ ሜተድ ላይ ሲጻፍ የሚቆልፈው ሜተዱ የተጠራበትን ኦብጀክት ብቻ ነው። ኮንቴይነሩ (መተግበሪያውን የሚያስተናግደው ሶፍትዌር) ግን መልእክት ተቀባዩን ቢን (ኦንሜሴጅን የያዘውን ኦብጀክት) በርከት አድርጎ ስለሚፈጥር፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቁልፍ ይዞ ወደዚያው ማፕ ይገባል፤ አንባቢዎቹ ደግሞ ከነጭራሹ ቁልፍ አይጠይቁም። ኮንከረንት ሃሽማፕ (ብዙ ትሬዶች አብረው እንዲጠቀሙበት የተሠራው ዓይነት) ማፑን ከመበላሸት ቢያድነውም ሰንጠረዡን እንደ አንድ ሙሉ ነገር አይጠብቅም፤ በክሊር (ማፑን ባዶ በሚያደርገው) እና በፑትኦል (አዲሱን በሚያስገባው) መካከል የደረሰ አንባቢ ባዶ ማፕ ያገኛል።

ለእኔ የሠራው መንገድ አዲሱን ማፕ ለብቻው ገንብቶ ከጨረሱ በኋላ፣ ዳግም ሳይነኩት፣ በቮላታይል ፊልድ (የተጻፈበትን ሌሎች ትሬዶችም በሚያዩት) የተያዘውን ሪፈረንስ፣ ማለትም ወደ ማፑ የሚያመለክተውን፣ በአንድ ጊዜ መተካት ነው። በ2004 ከጃቫ 5 ጋር የመጣው የሜሞሪ ሞዴል (አንዱ ትሬድ የጻፈውን ሌላው መቼ እንደሚያይ የሚወስነው ደንብ)፣ አዲሱን ሪፈረንስ ያነበበ ትሬድ ከዚያ በፊት የተጻፈውን ሁሉ እንደሚያይ ዋስትና ይሰጣል። አንባቢውም ሪፈረንሱን ሥራውን ሲጀምር አንዴ ብቻ ወደ ሎካል ቫሪያብል ይውሰደው፤ በየመስመሩ ወደ ፊልዱ ከተመለሰ ሰንጠረዡ መሀል ላይ ሊቀየርበት ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስቸገረን ግን ሮልባክ ነበር። ትራንዛክሽኑ (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ሥራዎች) ሲሰረዝ፣ ማለትም ሮልባክ ሲደረግ፣ ዳታቤዙ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ሜሞሪው ግን አይመለስም። በአንድ ሥራችን ላይ በሜሞሪ የያዝነው ቆጣሪ ከጨመረ በኋላ ዳታቤዝ ላይ መጻፉ ሳይሳካ ቀረ፤ መልእክቱም እንደገና ደርሶን ቆጣሪው ለአንድ ክስተት ሁለት ጊዜ ጨመረ። ስለዚህ ሜሞሪው የሚታደሰው ኮሚት (የትራንዛክሽኑ መጽደቅ) ከተረጋገጠ በኋላ ይሁን፤ መልእክቱም «ይህን ያህል ጨምር» ከሚል ይልቅ ሙሉውን ዋጋ ከቨርዥን ቁጥሩ ጋር ይያዝ። ብዙ ተቀባዮች ጎን ለጎን ሲሠሩ የመልእክቶቹ ቅደም ተከተል ስለማይጠበቅ፣ ቁጥሩ ካለው ያነሰ መልእክት ይጣል። ማወዳደሩና መተካቱ አንድ የማይነጣጠል እርምጃ መሆን አለባቸውና፣ እዚህ ላይ ከቮላታይል ይልቅ አቶሚክ ሪፈረንስ (ሁለቱን በአንድ እርምጃ የሚያደርገው የጃቫ ክላስ) ይሻላል።

መተግበሪያው ከአንድ በላይ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነም፣ የወረፋ መልእክት ለአንዱ ብቻ ስለሚደርስ የሌሎቹ ሰንጠረዥ እንዳረጀ ይቀራል፤ እዚያ የሚያስፈልገው እያንዳንዱ ሰርቨር ለብቻው የተመዘገበበት ቶፒክ (መልእክቱን ለተመዘገቡት ሁሉ የሚያደርስ መንገድ) ነው።