ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ዘረመሌን የሚጠብቅልኝ ማነው?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 36 ዓመቴ ነው። እናቴ በ42 ዓመቷ በጡት ካንሰር አረፈች። እህቷ ደግሞ የኦቫሪ (የእንቁላል ዕጢ) ካንሰር ይዟት ሕክምና ላይ ናት። እኔ በኢንተርኔት አዝዤ በምራቅ የሚሠራ የዘረመል ምርመራ አደረግኩ፤ «አልተገኘም» አለኝ። ሆስፒታል ሄጄ እንዳላረጋግጥ ውጤቱ ኢንሹራንስ ወይም አሠሪዬ እጅ ይገባል ብዬ ፈራሁ። የሰውን ዘረመል ጉዳይ የሚከታተሉ የመንግሥት አማካሪ ኮሚሽኖች አሉ ይባላል። ልተማመንባቸው? ደግሞ ከአራት ወር ወዲህ ግራ ጡቴ ላይ ትንሽ እብጠት አለች፤ ስለማታመኝ ተውኳት።

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ ኮሚሽን ነው። የሚያስፈራዎት ግን የእናትዎ በሽታ እርስዎንም እንዳያገኝዎት ነው። ስለዚህ ከመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ እጀምራለሁ።

ያቺ እብጠት በዚህ ሳምንት ትታይ። በእርስዎ ዕድሜ ከሚገኙ የጡት እብጠቶች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም፤ ይህን አምነው ይሂዱ። ግን «አታመኝም» የሚለው ነገር ምንም ዋስትና አይሰጥም። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። እናትዎን በዚህ በሽታ አጥተው አራት ወር ዝም ማለትዎ፣ እውነቱን ልንገርዎትና አስቆጥቶኛል።

ደግሞ ልብ ይበሉ፣ እብጠት ማሳየት የዘረመል ምርመራ አይደለም። ሐኪሙ በእጁ ይዳስሳል፣ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራም (የጡት ራጅ) ያዛል፣ ካስፈለገም በመርፌ ናሙና ይወስዳል። ለዚህ ማንም ዘረመልዎን አያነብም።

አሁን ወደ «አልተገኘም» እንምጣ። የላኩልኝን የውጤት ወረቀት አየሁት። ከላይ በትልቁ «አልተገኘም» ይላል። ታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ የታዩት 3 ለውጦች ብቻ መሆናቸው ተጽፏል። ሲበላሹ ለጡትና ለኦቫሪ ካንሰር በሚያጋልጡት፣ ብራካ 1 እና ብራካ 2 በሚባሉት ጂኖች ላይ ጎጂ መሆናቸው የታወቁ ለውጦች ግን በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚያ 3ቱ በተለይ በአሽከናዚ (የዘር ሐረጋቸው ከመካከለኛውና ከምሥራቅ አውሮፓ በሆነ) አይሁዶች ዘንድ የሚዘወተሩ ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንዲህ ያለውን ምርመራ ለሽያጭ ሲፈቅድ፣ «አልተገኘም» ማለት ሌላ ለውጥ የለም ማለት እንዳልሆነ በግልጽ አሳስቧል። ሙሉው ምርመራ ቢሠራና ንጹሕ ቢሆን እንኳ፣ ከጡት ካንሰር በዘር የሚመጣው ከ5 እስከ 10 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው እንዲህ ያለ የዘር ለውጥ በሌላቸው ሴቶች ላይ የሚወጣ ነው። ስለዚህ ያ ወረቀት ስለ እብጠቷ የሚለው አንዳች ነገር የለም። እባክዎ በእሱ አይጽናኑ። ለታናናሽ እህቶችዎም «እኔ ነጻ ነኝ፣ እናንተም አትስጉ» ብለው እንዳይነግሩብኝ። እንዲህ ያለ ወሬ በቤተሰብ ውስጥ ቶሎ ይዛመታል፤ አንዷ ስትዘናጋ ሌሎቹም አብረው ይዘናጋሉ።

የቤተሰብዎ ካንሰር በዘር የመጣ መሆኑን በትክክል ለማወቅ መጀመሪያ የሚመረመሩት አክስትዎ ናቸው፤ ፈቃዳቸው ከሆነ። እሳቸው ላይ ለውጥ ከተገኘ፣ እርስዎ ያንኑ ለውጥ ለይተው መፈለግ ይችላሉ። ያኔ «የለም» ሲባል ትርጉም ይኖረዋል።

ስለ ኮሚሽኖቹ፦ ይመክራሉ እንጂ አያዙም። ምክራቸው ግን ሕግ ሊሆን ይችላል። የብሪታንያው የሰው ዘረመል ኮሚሽን ከ1999 እስከ 2012 ሠርቷል። ሳይንቲስቶች ብቻ አልነበሩበትም፤ የሕግና የሥነ ምግባር ሰዎችም ነበሩ፣ በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸውን ቤተሰቦችም ያማክር ነበር። እኔ በጣም የምወድለት ይህን ነው። ሰው ሳይፈቅድ ዘረመሉን መመርመር ወንጀል ይሁን ብሎ በ2002 መከረ፤ የ2004ቱ ሕግ ይህን ደነገገ። ከጠጡበት ብርጭቆ ምራቅዎን ወስዶ በስውር የሚያስመረምር ሰው እዚያ ይከሰሳል። በ2001 ደግሞ ኢንሹራንሶች የዘረመል ውጤትን ከመጠቀም ለጊዜው እንዲታቀቡ መከረ፤ በዚያው ዓመት ኩባንያዎቹ ከመንግሥት ጋር ተስማሙ። ኮሚሽኑ ከተዘጋ በኋላም ጥበቃው በሌላ ስምምነት ቀጥሏል።

ይኸው ኮሚሽን በ2003 ወደፊት የሚመጣ በሽታን የሚተነብዩ አብዛኞቹ የዘረመል ምርመራዎች በቀጥታ ለገዢ ባይሸጡ ይሻላል ብሎ ነበር። እርስዎ ላይ የደረሰው የዚህ ዓይነቱ መዘናጋት አንዱ ስጋቱ ነው።

ጥበቃው ግን በየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካው የ2008 ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘረመል ውጤት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ የሕይወት ኢንሹራንስን አይነካም። የዩኔስኮ የ1997 መግለጫ የዘረመል መረጃ በምስጢር እንዲያዝና ውጤትን ማወቅ አለማወቅም የራስዎ ምርጫ እንዲሆን ይላል። ያም ሆኖ መግለጫ ነው፣ ማንንም ፍርድ ቤት አያቆምም። ስለዚህ ለምርመራው ናሙና ከመስጠትዎ በፊት የዘረመል ምክር ባለሙያውን ይጠይቁ፦ ውጤቱ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? የሕይወት ኢንሹራንስ ሊጠይቀኝ ይችላል? ሆስፒታሉን ፈርተው ምራቅዎን በፖስታ ለኩባንያ መላክዎ ግን አልገባኝም። ሐኪም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ኩባንያው የሚገዛው በፈረሙት ውል ነው፤ ውሉን አንብበውታል?

ይህ ሁሉ ግን ለቀጣዩ ወር የሚሆን ነው። ለዛሬ ስልክ ያንሱና ቀጠሮ ይያዙ። ሲደውሉ «አራት ወር የቆየ እብጠት አለኝ፣ እናቴ በ42 ዓመቷ በጡት ካንሰር ሞታለች፣ እህቷም የኦቫሪ ካንሰር አለባት» ይበሉ። ቀጠሮው ከራቀብዎት ሌላ ቦታ ይደውሉ።