ሰውየው ምን ይዞ ገበያ መጣ?

ይድረስ ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ፖለቲካና ስለ ኅብረተሰብ መጻፍ ለጀመራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆቼ።

ባለፈው ክረምት ከመካከላችሁ ሦስት አራታችሁ ጽሑፋችሁን ይዛችሁ መጥታችሁ «ጋሼ፣ እስቲ እዩልን» ብላችሁኝ ነበር። ሁሉንም አንብቤአለሁ፤ አንዳንዱን ደግሜ። ያን ቀን ቡና እየጠጣን የመለስኩላችሁ መልስ ግን ራሴንም አላረካኝም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በፕላንና በኢኮኖሚ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ፤ ጎን ለጎንም ኢኮኖሚ ላልተማረ አንባቢ ስጽፍ ኖሬአለሁ። ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር ከልጅነቴ ስለሚጀምር ከዚያው ልነሳ።

በ1965 ዓ.ም.፣ በወሎ ረሃብ ጊዜ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከሰኞ ገበያ ብዙም አይርቅም። ከየጁ፣ ከራያ፣ ከአምባሰልም ጭምር ሰው አስፋልቱን ይዞ ወደ ደሴ ይገባ ነበር። መጀመሪያ ወንዶቹ መጡ፤ ቀጥሎ ሴቶችና ሕፃናት። አንድ ጠዋት እናቴ ማሽላ ግዛ ብላ ላከችኝ። የእህል ቤቱ በረንዳ ላይ አንድ አባወራ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ከጀርባው፣ ገርበብ ባለው በር ውስጥ፣ ጆንያ በጆንያ ላይ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ነጋዴው ሰፈረልኝ፤ ከፍዬ ስሙኒ ተረፈኝ። ማሽላውን ተሸክሜ ስወጣ ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። አልለመነኝም። ቤት እስክደርስ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ሳስብ ሄድኩ፤ እህሉ እዚህ አለ፣ ሰውየውም እዚህ አለ፣ ታዲያ ለምን ይርበዋል?

መልሱን ያገኘሁት ተምሬ፣ ሥራ ይዤ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ስለ ረሃብ ባሳተመው መጽሐፍ ለዚያ ጊዜው የኢትዮጵያ ረሃብ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እዚያ ውስጥ ተቆጥሮ አለ። በወሎ ሰብሉ ክፉኛ ጠፍቷል፤ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ግን ያን ያህል አልወደቀም። የደሴ የእህል ዋጋም ሰው እንደዚያ እያለቀ እጅግም አልናረም። ይባስ ብሎ ረሃቡ እያለ ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ የተጫነ እህል ነበር። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውንም የሚገዛበትንም በአንድ ጊዜ አጣ። በሬውን ሊሸጥ ቢያወጣ ጎረቤቱም አውጥቷል፤ ማን ይግዛው? ገበያ ደግሞ ረሃብን አይሰማም፤ የሚሰማው ገንዘብ የያዘ እጅን ነው። በረንዳው ላይ ያየሁት አባወራ በመጨረሻ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ምዕራፉን ጨርሼ መብራት አጥፍቼ ስቀመጥ ዓይኔ ላይ የነበረው እሱ ነው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስለ ማንኛውም የኢኮኖሚ ጉዳይ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ጠይቁልኝ፦ ሰውየው ምን ይዞ ገበያ መጣ? «ገበያው ላይ ምን አለ» የሚለውን ሁሉም ይጽፈዋል። ሰውየው በእጁ ያለው ጉልበት ነው? በግ ነው? ደመወዝ ነው? እሱ የያዘው ነገር በዚህ ዓመት ስንት እህል ይገዛለታል?

ይህን እያወቅሁ እኔም ስቻለሁ። ከዓመታት በፊት የዋጋ ሰንጠረዥ ፊቴ አድርጌ «የሽንኩርትና የዘይት ዋጋ በደሴ ተረጋግቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ጽሑፉ በወጣ በሳምንቱ ዘይት በመለኪያ ከምትሸጥ የጉልት እናት ዘንድ ሄጄ ነገሩን ስነግራት፣ ምንም ሳትመልስልኝ ከመደቡ ሥር የዱቤ ደብተሯን አወጣች። ዳሩ በዘይት የወዛ የተማሪ ደብተር ነው። ገጹን በጣቷ እያወረደች አሳየችኝ፤ በመስከረም ከስሙ ጎን «1 ሊትር» የተጻፈለት ደንበኛ በታኅሣሥ «ግማሽ»፣ በየካቲት «ሩብ» ሆኗል። ከሥሩ ያለውም እንደዚያው። «ወላሂ ጋሼ፣ ዋጋውማ የቆመው ገዥው ስላለቀበት ነው» አለችኝ። የእኔ ሰንጠረዥ ዋጋን እንጂ ሩብን የሚጽፍበት ዓምድ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የጻፍኩትን፣ ስለ እሱ ለጻፍኩበት ሰው ሳላነብለት አላወጣም። ልክ የሆነ ቁጥር ይዞ ሰውን ማሳሳት እንደሚቻል ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ስለ ዋጋ ንረት ስትጽፉ ደግሞ አንድ ስህተት በየሳምንቱ አያለሁ። «ንረቱ ቀነሰ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንባቢው ዋጋ ቀነሰ ብሎ ይረዳል፤ ገበያ ሄዶ ሲያየው ውሸታሞች ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ አላስረዳችሁትም። ከኮምቦልቻ የተነሣ ጭነት የያዘ አይሱዙ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎን ዳገት ሲወጣ አስቡ። ማርሽ ይቀንሳል፣ ያቃስታል፣ እርምጃው ከእግረኛ አይሻልም፤ ግን እየወጣ ነው። ወደ ኮምቦልቻ አልተመለሰም። ንረት ቀነሰ ማለት ይህ ነው። 100 ብር የነበረ ዕቃ ዘንድሮ 30 በመቶ ቢጨምር 130 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ንረቱ በግማሽ ወርዶ 15 በመቶ ቢሆን ዕቃው 149 ብር ከ50 ሳንቲም ይገባል። ይህን ስሌት ጽፋችሁ አሳዩ። አንባቢው ስሌት አይወድም የሚሏችሁን አትስሟቸው፤ ዕድሜ ልኩን በዱቤና በዕቁብ የኖረ ሰው ስሌት አያቅተውም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ የወጡትን ጽሑፎች አብዛኞቹን አንብቤአለሁ። ዶላሩ በአንድ ቀን ከ57 ብር አካባቢ ወደ 74 ገደማ ዘለለ፤ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። አንዱ ወገን አገር ጠፋ አለ፣ ሌላው አገር ዳነ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ ለሚጽፍ ሰው ግን ነገሩ ዓይኑ ሥር ነበር። ኮምቦልቻ አጠገብ ባለው በቃሉ ወረዳ ማሾ የሚያመርት ገበሬ አለ፤ ማሾው ወደ ውጭ ይላካል፤ ላኪው ለአንድ ዶላር ከበፊቱ የበለጠ ብር ያገኛል። ከዚያ ብር ምን ያህሉ ገበሬው ደጃፍ ይደርሳል? መሐል ላይ ማን ማን አለ? ደሴ ደግሞ ከውጭ የገባ ጨርቅ የሚቸረችር ባለሱቅ አለ፤ የሸጠበት ገንዘብ ያንኑ ያህል ጨርቅ መልሶ አያስገባለትም። በመካከላቸው ያለው መንገድ የአንድ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ሁለቱንም አንድ ጽሑፍ ውስጥ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጸሐፊ አጣሁ፤ እጅግም አዘንኩ።

ፖለቲካ ላይ ስትገቡ ቋንቋችሁን ተጠራጠሩት። አማርኛችን አድራጊውን ለመደበቅ ይመቻል። «ተወሰነ»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «የሚመለከተው አካል እርምጃ ይወስዳል»። ማን ወሰነ? የሚመለከተው አካል ስም የለውም ወይ? እኔ ራሴ ቢሮ ውስጥ እንደዚህ ያሉ ሪፖርቶችን ለዓመታት ስጽፍ ስለኖርኩ ግሱ እንዴት አድርጎ ኃላፊነትን እንደሚያተንን አውቀዋለሁ። ጽሑፋችሁን ስትጨርሱ «ተ» ብለው የሚጀምሩ ግሶችን አንድ በአንድ እያሰመራችሁ አድራጊውን ፈልጉለት። ካወቃችሁት ጻፉት። ካላወቃችሁት የዘገባችሁ ሥራ ገና አላለቀም። የማትስማሙበትን ወገን ሐሳብም፣ ያ ወገን ራሱ ቢያነበው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት መልኩ አስቀምጡ፤ ከዚያ ተከራከሩት።

«ይህን በአማርኛ መግለጽ ይከብዳል» የምትሉኝን አልቀበልም። የምጣኔ ሀብት ጸሐፊው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ ንግድ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ጉምሩክ በአማርኛ የጻፈው የዛሬ መቶ ዓመት ነው፤ ዋነኛው ሥራው የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ልፋቱን እያስረከበ እንደሚኖር ሲያስረዳ ከፊቱ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት አልነበረውም። ለእናንተ ንረት የሚል ቃል አለ፣ ምንዛሪ አለ፣ ዱቤ፣ አራጣ፣ ወለድ አግድ፣ የእኩል አራሽ አለ። የጎደለው ቃል አይደለም።

ባለፈው ሰኞ ወደዚያችው የጉልት እናት ዘንድ ጎራ ብዬ ነበር። አሁን ልጇም አብራት ትሸጣለች። «ጋሼ፣ ዶላር ጨመረ ይላሉ፤ እኔ ዶላር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ዘይቴን ምን አገባው?» አለችኝ። ጀሪካኑን አገላብጬ ከየት እንደመጣ የተጻፈውን አሳየኋት። ጀሪካኑ በመርከብ ጅቡቲ እንደሚደርስ፣ ከዚያ በመኪና በሚሌና በባቲ አድርጎ ወደ እኛ እንደሚወጣ፣ የሩቁ ሻጭ ብር እንደማይቀበል፣ ነጋዴው ዶላሩን በስንት እንደገዛው በመለኪያዋ ውስጥ እንደሚገባ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና ከጎኗ ወዳለው ጆንያ በአገጯ እያመለከተች፣ «እሺ፣ ዘይቱስ ባሕር ተሻግሮ ነው። ጤፉስ?» አለች።

ያን ዕለት ማታ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ከማዳበሪያው ጀምሬአለሁ፤ እሱም በዚያው በጅቡቲ መንገድ ነው የሚመጣው። ቀጥሎ የጭነት መኪናው ነዳጅ፣ ቀጥሎ ገበሬው ራሱ ለቤቱ የሚገዛው ዘይት። ሁለት ገጽ ሞልቷል። የፊታችን ሰኞ ይዤላት እሄዳለሁ፤ ከእናንተ መካከል መምጣት የሚፈልግ ካለ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከእህል ተራው መግቢያ እጠብቃለሁ።