ሽጣት ወይስ አስተካክላት? የሳይክል ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። 26 ቁጥር ጎማ ያላት፣ ፊቷ ላይ ሞላ ያላት፣ ባለ 21 ማርሽ ያገለገለች ሳይክል አለችኝ። ከጓደኛዬ ጋር በሻሸመኔ፣ በአላባ ቁሊቶና በሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ ለመድረስ አስበናል። ሰዎች ግን «በዚህች አትደርስም፤ ሽጣትና ቀጭን ጎማ ያላት የውድድር ሳይክል ግዛ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እንዳትሸጣት! የውድድር ሳይክል ለውድድር ነው። አብዛኛዎቹ ዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ እንኳ የላቸውም። ማርሻቸውም ባዶውን ለሚሮጥ ሰው የተሠራ ነው። ያንተዋ ወፈር ያለ ጎማ ትቀበላለች፣ ቀለል ያለ ማርሽ አላት። ለአዲስ ሳይክል ካሰብከው ብር ትንሹን እሷ ላይ አውጣ። ግን ከየት እንደምትጀምር እወቅ። ሰው ሁሉ ከኮርቻና ከመብራት ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከኋላ ቸርኬ ነው።

ያንተም የጭነቱም ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያ ነው። ሳይክሏን ገልብጣትና ቸርኬውን አሽከርክረው። ፍሬኑን አንዴ እየነካ አንዴ እየራቀ ከዞረ ተጣሟል ማለት ነው። ቀጥሎ ሽቦዎቹን እንደ ክራር አንድ በአንድ በጣትህ ምታቸው። በአንድ ጎን ያሉት ተቀራራቢ ድምፅ መስጠት አለባቸው። ዱብ የሚል ካለ ላልቷል፤ የላላ ሽቦ ደግሞ ጭነቱን ጎረቤቱ ላይ ጥሎ ያስበጥሰዋል። ይህን የሚያጠባብቅልህ እጁ የለመደ ሰው ፈልግ። ሐዋሳ ሳይክል የሞላበት ከተማ ስለሆነ አትቸገርም።

የኋላ ሽቦ ሲበጠስ ብዙ ጊዜ በማርሹ በኩል ነው። ከኋላ ሽቦዎች ሁሉ በጣም የተወጠሩት በዚያ በኩል ያሉት ናቸው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ የማርሹ ጥርሶች ካልተፈቱ አዲስ ሽቦ ማስገባት አይቻልም። መፍቻዋ ደግሞ ትንሽ ብረት ናት፤ ለየማርሹ ዓይነት የራሷ ልክ አላት። ያንተን ማርሽ የምትፈታዋን ገዝተህ ያዝ። እሷን የሚያዞረውን ትልቁን ቁልፍ በመንገድ ላይ ያለ ማንኛውም ጎሚስታ ያውስሃል፣ ያቺን ትንሿን ግን የሚያውስህ አታገኝም። ሦስት አራት ትርፍ ሽቦ በሳይክሏ ብረት ላይ በፕላስተር ጠቅልል። የቀኝና የግራው ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል ለክተህ ግዛ። ቸርኬው ተፈትቶ እያለ ኩሽኔታውን አሳጥበህ አዲስ ግራሶ አስቀባ፤ መሃል ያለችው ዘንግ እንዳልጎበጠችም ይታይልህ።

አሁን ማርሽ። በባለ 21 ማርሽ ሳይክል ብዙ ጊዜ የፊቱ ትንሹ 28፣ የኋላው ትልቁም 28 ጥርስ ነው፤ አንተም ቁጠር። እንደዚያ ከሆነ በቀላሉ ማርሽ አንዴ ስትረግጥ ጎማው አንዴ ይዞራል፤ ሁለት ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። ባዶህን ጥሩ ነው። ጭነት ይዘህ ወደ ሶዶ የሚወስደው ዳገት ላይ ግን ወርደህ ትገፋለህ። የኋላውን ትልቁ ጥርስ 34 በሆነው ቀይረው፤ ያኔ አንድ ሜትር ከሰባ ገደማ ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፣ ጉልበትህ ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ማርሽ ቀያሪው 34 ጥርስ የሚችል መሆኑን ጠይቅ። ሰንሰለቱም ከፊትም ከኋላም ትልቁ ላይ ሲሆን እንዳይወጠር አስረዝመው። ሰንሰለቱ ካረጀ አዲስ ጥርስ ላይ አታስገባው፤ ይበላዋል።

ጎማው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ማለትም ለጭቃ የተሠራ ጥርሳም ከሆነ፣ 1.75 ኢንች ስፋት ባለው ለስላሳ ጎማ ቀይረው። አስፋልት ላይ ጥርስ ድካም ብቻ ነው። የመኪና ዓይነት አፍ ያለውን የውስጥ ጎማ እንዳትለውጥ፤ የትም ቦታ ይነፋልሃል። ብቻ ጎሚስታው ቀስ እንዲል ንገረው፤ የመኪና ኮምፕሬሰር ያቺን ትንሽ ጎማ በዓይን ጥቅሻ ያፈነዳታል።

ዕቃህን ጀርባህ ላይ አትዘል። የኋላ መጫኛ አሳስር። ማሰሪያ ቀዳዳ ከሌላት በቱቦ ማሰሪያ ብረት ይታሰራል፤ ከሥሩ የአሮጌ ውስጥ ጎማ ቁራጭ አድርግበት፣ እንዳይንሸራተት። ቦርሳ ለመግዛት አትጨነቅ። ሁለት ባለ አራት ማዕዘን የዘይት ጀሪካን ጎናቸውን ቆርጠህ፣ በብሎን ግራና ቀኝ አስራቸው። ዝናብ አያስገቡም። ስትረግጥ ተረከዝህ እንዳይነካቸው ወደ ኋላ ሳብ አድርጋቸው። ከባዱን ነገር ከታች ጫን።

የፊቱን ሞላ ተወው፤ ትንሽ ጉልበት ይበላል እንጂ አይገድልም። ኮርቻው ተረከዝህን ታች በወረደው ፔዳል ላይ አድርገህ እግርህ ቀጥ የሚልበት ከፍታ ላይ ይሁን። ፍሬን ላይ ግን አትቆጥብ፣ አዲስ የፍሬን ጎማ አስገባ። ሶዶ 2000 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ 1300 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከሶዶ ወደ ሁምቦ ስትወርድ ከነጭነትህ ነው። ከዚያ ወዲያ ምዕራብ ዓባያን አልፈህ ላንቴ ሙዝ ትበላለህ። ውሃ ግን አብዝተህ ያዝ፤ ቆላ ነው።

ከመነሳትህ በፊት ሙሉ ጭነትህን ይዘህ ሻሸመኔ ደርሰህ ተመለስ። የሚላላ ብሎን ሁሉ በዚያ ይላላል።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፍልዎት። ጎማዋ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ የከተማ ሳይክል አለችኝ። ከጆርጅታውን ተነስቼ ሲ ኤንድ ኦ በሚባለው የድሮ የጀልባ ቦይ ዳር እስከ ከምበርላንድ ብሄድባት ታደርሰኛለች? ማርሿንስ ላስቀይር?

መልስ፦ ማርሹን አትንኪው፣ እህቴ። ያ መንገድ 297 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ድሮ በበቅሎ ጀልባ ይጎተትበት የነበረ ስለሆነ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። በጠቅላላው የሚወጣው 180 ሜትር ገደማ ነው። ያንቺ ጠላት ጭቃ ነው። ብረቷ ከፈቀደ 38 ጎማ አስገቢ። ጭቃ መከላከያም አሳስሪ፣ በእሱና በጎማው መካከል ግን ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ አለበለዚያ ጭቃው ይሞላበትና ቸርኬው አልዞር ይላል። በየጥቂት ማይሉ ነፃ የድንኳን ቦታ አለ፣ የእጅ ፓምፕ ውሃም አለ፤ ፓምፖቹ ግን በብርዱ ወራት ስለሚዘጉ በሙቀቱ ወራት ሂጂ። ጥሩ መብራት ያዢ። ፓው ፓው የሚባለው ዋሻ 950 ሜትር ገደማ ርዝመት አለው፣ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፣ መሄጃውም ጠባብ። እዚያ ወርደሽ እየገፋሽ እለፊ።